ችግኝ ይሙቅ፣ ከሰል ግን ይውጣ

ያለፈው ታኅሣሥ ውርጭ የእኔንም የበርበሬ መደብ አቃጥሎታልና ዘሩን ቤት ውስጥ ማብቀላችሁ ደግ ነው። የበርበሬ ዘር ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ይወዳል። ዳሩ ግን አንዳንዶቻችን ችግኙ እንዳይበርደው ብለን ከሰል አንድደን፣ በር ዘግተን፣ ከልጆቻችን ጋር እዚያው እንተኛለን። ኧረ ተዉ! «ጭሱ አልቋል፣ ፍም ብቻ ነው» ማለት አያድንም፤ መርዙ አይታይም፣ አይሸትም፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል።

ሳጥኑን ማታ ሙቅ ውኃ በተሞላ ጄሪካን ላይ አስቀምጡት፣ በጆንያም ሸፍኑት። አምፖልም ቢሆን የድሮው ነበር የሚያሞቅ፤ ቆጣቢው ብርሃን እንጂ ሙቀቱ እዚህ ግባ አይባልም። ዘሩ ብቅ ሲል ግን ቀን ቀን መስኮት ሥር ይዋል፤ ብርሃን ያጣ ችግኝ ቀጥኖ ይወድቃል።

ጄሪካን የሌለው ከማኅበሩ ዕቃ ቤት ፈርሞ ይዋስ።

የማኅበሩ ጸሐፊ