ስንት መንጃ ፈቃድ ሰጣችሁ ሳይሆን፣ ስንት አሽከርካሪ አለን?

የትራንስፖርት ቢሮዎች የዘጠኝ ወር ሪፖርት ሲያቀርቡ «ይህን ያህል መንጃ ፈቃድ ሰጥተናል፣ የዕቅዳችንን ይህን ያህል በመቶ አሳክተናል» ይላሉ። ሚዲያውም ቁጥሩን ተቀብሎ ዜና ይሠራል። እንዲህ ያለ ቁጥር የሚቆጥረው ግን መስኮት ላይ የተስተናገደውን ጉዳይ ነው። አዲስ፣ እድሳት፣ የጠፋ ምትክ፣ ደረጃ ማሳደግ አንድ ላይ ከተደመሩ አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ሊቆጠር ይችላል።

ከመዝገቡ መውጣት ያለበትስ? የሞተውን፣ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን የሄደውን፣ ካሳደሰ ዓመታት ያለፉትን ማን ይሰርዘዋል? ሞትን በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ዛሬም ቀብር ላይ የሚገኘው ዕድር እንጂ መዝጋቢ አይደለም።

የስሙም ጣጣ አለ። ፈቃዱን የሚሰጡት ክልሎች ናቸው። አንዱ ኃይሉ ብሎ የጻፈውን ሌላው ሐይሉ፣ ሦስተኛው ሃይሉ ይለዋል፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲሆንማ አይጣል ነው። ለአንባቢ አንድ ሰው፣ ለኮምፒውተር ሦስት። ፎርጅድ የያዘው ደግሞ መሪ ጨብጦ መንገድ ላይ አለ፣ መዝገቡ ላይ የለም።

ጉዳዩ የቢሮ ወረቀት ብቻ ቢሆን ማንም ግድ ባልሰጠው። ግን አደጋ በደረሰ ቁጥር «መንስኤው የአሽከርካሪ ስህተት ነው» ይባላል። የትኛው አሽከርካሪ? የት የሠለጠነ? ደረቅ 3 ባወጣ በስንተኛው ወሩ? የአንዱ ማሠልጠኛ ምሩቃን ከሌላው ይልቅ አደጋ እያደረሱ መሆኑን ለማወቅ መጀመሪያ ከእያንዳንዱ ስንት ሰው እንደወጣ መታወቅ አለበት። ያ በሌለበት መስፈርት ማጥበቅም ማላላትም በጭፍን ነው፤ ጥፋተኛው ማሠልጠኛም ደጁን ከፍቶ ይቀጥላል።

የሟቹ ቁጥር ራሱ አላስማማም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ ኢትዮጵያ ለ2016 ያሳወቀችው የመንገድ ላይ ሞት 4,352 ነበር፤ ድርጅቱ አስልቶ የገመተው 27,326። ግምት ነውና መከራከር ይቻላል። ግን በምን መረጃ? የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ እንኳ የ1999 ዓ.ም. ነው።

«ያደጉትም አገሮች ይሳሳታሉ» የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራሉ አውራ ጎዳና አስተዳደር ከየግዛቱ ሰብስቦ በሚያወጣው ሠንጠረዥ፣ በአንዳንድ ግዛቶችና የዕድሜ ክልሎች ባለ መንጃ ፈቃዱ ከነዋሪው በልጦ ተገኝቷል። ይህ የታወቀው ግን ሠንጠረዡ በግዛት፣ በዕድሜና በፆታ ተዘርዝሮ ለማንም ክፍት ስለሆነ ነው። እዚህ መድረክ ላይ የሚነበብ አንድ ድምር ከምን ጋር ይመሳከራል?

«ሲስተሙን ዲጂታል እያደረግን ነው» የሚለውም አያስኬድም። የተደበላለቀ ፋይል ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው እንደተደበላለቀ ነው። ፋይዳ በአዋጅ 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል፤ እያንዳንዱ መንጃ ፈቃድ ከአንድ የፋይዳ ቁጥር ጋር ይታሰር፣ ያልታሰረው ለብቻው ይቆጠር። የትራፊክ ፖሊስ የአደጋ መዝገብ ላይ የፈቃዱ ቁጥር፣ የወጣበት ቀንና ማሠልጠኛው ይስፈር። በሚቀጥለው የዘጠኝ ወር ሪፖርትም አዲሱ፣ እድሳቱና ምትኩ ይለያይ፤ ጊዜው ያላለፈበት ፈቃድ በእጁ ያለ ሰው በየክልሉ ስንት እንደሆነም ይነገር።