ውጭ አገር ያለ ዘመድ

በመኝታ ቤታችን ውጭ አገር ዘመድ ያለው ተማሪ ሳይናገር ይታወቃል፤ ጫማው ይናገርለታል። እኛም ከዚሁ ወገን ስለ ሆንን ከዚህ በታች የምንጽፈው በሌላው ላይ ለመፍረድ አይደለም። ከቱም ወጥተን ሚዛን ተፈሪ ስንማር የቤት ኪራያችንን የከፈለች፣ ዛሬም የመጽሐፍና የኪስ ገንዘባችንን የምትልክልን ቪየና ያለችው ታላቅ እኅታችን ናት። እርሷ ስምንት ዓመት ሙሉ ስትልክ፣ እኛም ስምንት ዓመት ሙሉ ስናዝዝ ኖረናል።

ባለፈው ዓመት የትምህርቱ መጀመሪያ በመዘግየቱ ልንጠይቃት ሄድን። ነገሩ የተገለጠልን ግን ገና ከአገር ሳንነሣ ነው። በኦስትርያ ደንብ ጋባዡ ሰው ፖሊስ ዘንድ ቀርቦ የእንግዳውን ወጪ ሁሉ እችላለሁ ብሎ ግዴታ ይገባል፤ ለዚህም የደመወዙን፣ የቤት ኪራዩንና ያለበትን ዕዳ ማስረጃ ያቀርባል። እኅታችን ከቪዛ ማመልከቻችን ጋር እንድናያይዘው የወረቀቶቹን ግልባጭ ላከችልን። የሥነ ጽሑፍ ተማሪም ቢሆን መቀነስ አያቅተውም። ከደመወዟ ላይ ኪራዩን፣ የማሞቂያውንና የባንኩን ዕዳ ብንቀንስ የቀረው ለቤታችን ከምትልከው እምብዛም አይበልጥም። ብድሩ የተወሰደበትን ቀን ብናይ ደግሞ የቱም ቤታችን ሣር በቆርቆሮ የተለወጠበት ወር ሆኖ አገኘነው።

ከአዲስ አበባ ቪየና በአውሮፕላን ሰባት ሰዓት ያህል ነው። ከአዲስ አበባ ቱም በሚዛን ተፈሪ አድርጎ፣ ዝናብ ካልያዘው፣ ሁለት ቀን ይፈጃል። ሩቅ አገር የምንለው የትኛውን እንደ ሆነ አንዳንድ ጊዜ ግራ ይገባናል።

የደረስነው ኅዳር 15 ቀን ጾመ ነቢያት በገባ በሳምንቱ ነው። እነሱም በዚያው ሰሞን፣ ከገናቸው በፊት ያሉትን አራት እሑዶች አድቬንት ብለው ይጠብቃሉ። ጥንት በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያንም ወራቱ የጾም ወራት ነበር፤ አሁን ግን በማዘጋጃ ቤቱ አደባባይ ገበያ ተተክሎ ትኩስ ወይንና የተጠበሰ ቋሊማ ይሸትበታል። በየቤቱ ከጥድ ቅርንጫፍ በተጐነጐነ አክሊል ላይ አራት ሻማ አቁመው በየእሑዱ አንድ እየጨመሩ ያበራሉ። ይህን ልማድ እ.ኤ.አ. በ1839 በሀምቡርግ የጀመረው ዮሐን ሂንሪክ ቪኸርን የተባለ የፕሮቴስታንት ቄስ ሲሆን፣ ያደረገውም የሚያሳድጋቸው የድኻ ልጆች ገና መቼ ነው እያሉ ቢያስቸግሩት ነው ይባላል።

እኅታችን የምትሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ነው። የእሑድ ሥራ ጥቂት ተጨማሪ ክፍያ ስላለው አራቱንም እሑድ ሠራች። በሁለተኛው እሑድ ተከትለናት ሄድን። በአዳራሹ ሁለት ሻማ በርቷል፤ በየጠረጴዛው ላይ ከልጆች የተላከ፣ ባማረ ወረቀት የተጠቀለለ ስጦታ ተቀምጧል፤ ራሳቸው የመጡት ልጆች ግን ጥቂቶች ናቸው። እኛም እንደ ልማዳችን፣ «ፈረንጅ እናቱን ጥሎ ዕቃ ይልካል» ብለን ለመፍረድ አልዘገየንም። እኅታችን አንዲት አሮጊት ሾርባ እያጐረሰች ዘወር አለችና፣ «እናንተስ እኔን ስንት ጊዜ ጠይቃችሁኛል? ስትደውሉ የምሰማው ብሩ ገባ አልገባ የሚለውን ብቻ ነው» አለችን። መልስ አልነበረንም። በስምንት ዓመት ውስጥ ከሥራ በስንት ሰዓት እንደምትወጣ እንኳ ጠይቀናት አናውቅም።

በማግስቱ እኛን ለማስደሰት ከታወቁት የቪየና ቡና ቤቶች ወደ አንዱ ወሰደችን። ቡናው ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ጋር በትንሽ ዝርግ ሳሕን ይቀርባል፤ ጋዜጣው በእንጨት መያዣ ተሰቅሏል፤ በአንድ ስኒ ግማሽ ቀን ቢቀመጡበት ተነሡ የሚል የለም። ቱርኮች እ.ኤ.አ. በ1683 ከተማዪቱን ከበው ሲመለሱ ጥለውት በሄዱት ቡና ተጀመረ የሚለው ተረት ነው፤ የታሪክ ሰዎች እንደሚሉት የመጀመሪያውን ፈቃድ በ1685 ያገኘው ዮሐንስ ዲዮዳቶ የተባለ አርመናዊ ነው። መቼም ልማዱ ያማረ ነው። ነገር ግን ብዙው ሰው የሚጠጣው ብቻውን ነው። ቱም ላይ ቡና ተቆልቶ ጎረቤት ሳይጠራ ቢጠጣ ቅያሜ ያመጣል። በዋጋው ዝርዝር ላይ ጌሻ የሚባል የፓናማ ቡና ከሁሉ በላይ ተወዶ አየን። ይህ ዘር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከኛው አካባቢ፣ ከማጂ ወገን ተለቅሞ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኮስታ ሪካ በኩል ፓናማ የገባ፣ በ2004ም በዚያ አገር ውድድር አንደኛ ወጥቶ ስሙ የገነነ ነው። አስተናጋጁ ግን ስሙ የጃፓን ነው ብሎ አስረዳን። እኛ ከማጂ ወገን መሆናችንን ብንነግረው በትሕትና ሣቀ።

ይህን ለጓደኞቻችን ስናወራ ሁለት ዓይነት ተቃውሞ ገጠመን። አንዱ፣ «ታዲያ መላኩን ትተወው? እናታችሁ ምን ይብሉ?» የሚል ነው። በውጭ ካሉ ወገኖቻችን የሚመጣው ገንዘብ የብዙ ቤት እንጀራ መሆኑን አንክድም፤ እኛንም ያስተማረን እርሱ ነው። ነገር ግን በእናታችን ሽሮና በአጎታችን ልጅ ስልክ መካከል ልዩነት አለ። ሁለተኛው ተቃውሞ የበረታ ነው፦ «በየዓመቱ ከመብራቱ ሥር እየሣቀች የተነሣችውን ፎቶግራፍ የምትልክ እርሷ ራሷ አይደለችምን?» እውነት ነው፤ ድካሟን ደብቃናለች። ምክንያቷን ብንጠይቃት፣ «ሄዳ ሳትረባ ቀረች እንዳትሉኝ ነው» አለች። ይህን ፍርሃት ያሳደረባት ማን ነው? ከአውሮፓ ይህን ያህል ያልላከውን ሰው ሰነፍ የምንለው እኛ፣ ተማሩ የምንባለውም ጭምር፣ አይደለንምን? ስለዚህ ውጭ ዘመድ ያለው ተማሪ ሁሉ የሚቀጥለውን የዕቃ ዝርዝር ከመጻፉ በፊት የዘመዱን ደመወዝ፣ ኪራይና የሥራ ሰዓት ደፍሮ ይጠይቅ፤ የሰማውንም ለቤተ ሰቡ ይንገር እንላለን። ነውር ነው የሚል አይጠፋም። ደመወዝሽ ስንት ነው ማለት ነውር ከሆነ፣ ላኪልኝ ማለት እንዴት ነውር ሳይሆን ቀረ?

ለኛ ገና ቱም ስንገባ ወረቀቶቹን አውጥተን ለእናታችን አንድ በአንድ አነበብንላት። ብዙ ዝም ካለች በኋላ ወደ ቆርቆሮው ቀና ብላ፣ «ይህን ባውቅ ሣሩ ምን አነሰኝ!» አለች። ከዚያ ወዲህ እሑድ ማታ ስትደውል ስለ ገንዘብ አታነሣም፤ ምን በላሽ፣ ብርዱ እንዴት አደረገሽ እያለች ትጠይቃታለች። ስልክ ያዘዘው የአጎታችን ልጅ ግን እስከ ዛሬ ሰላም አይለንም።