የወደቀ ቡድን በምን ይነሣል?

አንድ የእግር ኳስ ቡድን ሦስት አራት ጨዋታ በተከታታይ ሲሸነፍ ከየአቅጣጫው የሚሰማው ጩኸት አንድ ዓይነት ነው። «አሠልጣኙ ይውረድ!» ይባላል። አሠልጣኙ ይወርዳል፤ አዲስ ይመጣል፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ በተራው ይወርዳል። ቡድኑ ግን እዚያው የነበረበት ነው። በሻይ ክበባችን የሚካሄደው የኳስ ክርክርም ከዚህ አያልፍም።

በእኔ አስተያየት ይህ አካሄድ የትም አያደርስም። የወደቀ ቡድን በዋናነት የሚነሣው በማስተማር ነው እንጂ ሰው በመለዋወጥ አይደለም። ለዚህም ብዙዎቻችን ከምናውቀው ከእንግሊዙ ሊቨርፑል ታሪክ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሊቨርፑል በ1954 ከአንደኛ ዲቪዚዮን ወደ ሁለተኛው ወረደ፤ ስምንት የውድድር ዘመንም እዚያው ቆየ። ጭራሽ በ1959 መጀመሪያ ላይ ዎርስተር ሲቲ በሚባል፣ በሊጉ ውስጥ እንኳ ባልነበረ ትንሽ ቡድን 2 ለ 1 ተሸንፎ ከኤፍ ኤ ካፕ ወጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቢል ሻንክሊ የሚባል የስኮትላንድ ሰው በአሠልጣኝነት ገባ። የጠበቀው ያልተያዘ የልምምድ ሜዳና ያረጀ ስታዲየም ነበር። የመጀመሪያ ጨዋታውንም በገዛ ሜዳው በካርዲፍ 4 ለ 0 ተረታ።

ታዲያ ሰውየው ምን አደረገ? እንደ ተለመደው ቢሆን የቀድሞዎቹን ረዳቶች አባሮ የራሱን ሰዎች ይሰበስብ ነበር። እሱ ግን ቦብ ፔዝሊን፣ ጆ ፌገንንና ሩበን ቤኔትን ጠርቶ በሥራቸው እንደሚቀጥሉ፣ ከእነሱም የሚፈልገው ታማኝነት መሆኑን ነገራቸው። እነዚህ ሰዎች ታኬታ በሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል እየተሰበሰቡ ስለ እያንዳንዱ ተጫዋች ይመክሩ ነበር። የዕለቱን ልምምድ፣ ማን እንደተጎዳ፣ የአየሩን ጠባይ ሳይቀር በደብተር ይመዘግቡ ነበር። አምና በዚህ ወቅት ምን ሠራን ለሚል መልሱ ከደብተሩ ይገኛል።

ሁለተኛ፣ ልምምዱ ከኳስ ጋር ሆነ። ኳስ ተቀበል፣ አቀብል፣ ቦታ ያዝ፤ ይኸው ነው። በጠባብ ሜዳ አምስት ለአምስት እየተጋጠሙ ይህንኑ ይደጋግሙት ነበር። ነገሩ ተራ ይመስላል። ፊደል ማስቆጠርስ ተራ ነገር አይመስልም እንዴ?

ሦስተኛ፣ ሰዎቹን አንድ በአንድ ለይቶ አወቀ። እርግጥ ነው፣ 24 ተጫዋቾችን አሰናብቷል። ነገር ግን ጄሪ በርን የተባለውን ተከላካይ ተመልከቱ። ሻንክሊ ሲመጣ ይህ ልጅ ለሽያጭ ከቀረቡት አንዱ ነበር። ከዝርዝሩ አወጣውና ቋሚ ተሰላፊ አደረገው። በ1965 የኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ፣ ጨዋታው በተጀመረ በጥቂት ደቂቃ፣ በአንገቱና በትከሻው መካከል ያለው አጥንት ተሰበረ። ያን ጊዜ ቅያሪ አይፈቀድም ነበርና እንደተሰበረ እስከ ተጨማሪው ሰዓት ማብቂያ ተጫወተ። ለመጀመሪያዋ ጎል ኳሱን አሻግሮ ያቀበለውም እሱ ነው። ሊቨርፑል ሊድስን 2 ለ 1 አሸንፎ በታሪኩ የመጀመሪያውን ኤፍ ኤ ካፕ ወሰደ።

«ገንዘብስ?» የሚል አይጠፋም። ትክክል ነው፤ በ1961 አጥቂው ኢያን ሴንት ጆን በ37,500 ፓውንድ ተገዝቷል፤ ግዙፉ ተከላካይ ሮን ዬትስም በዚያው ዓመት መጥቷል። ነገር ግን ይህ የሆነው ሻንክሊ ከገባ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ የጎደለው ቦታ የቱ እንደሆነ ከታወቀ በኋላ ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው የትዕግሥቱ ጉዳይ ነው። በ1960 ቡድኑ ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ በ1961 እንደገና ሦስተኛ። የሚያልፉት ሁለት ብቻ ስለነበሩ ሁለቴ በሩ ላይ ቀረ። ያኔ «ይውረድ!» ተብሎ ቢወርድ ኖሮ የ1962ቱን ማለፍና የ1964ቱን የእንግሊዝ ሻምፒዮንነት ማን ያመጣው ነበር? ሻንክሊ በ1974 ሲለቅ የተተካው ያው የታኬታ ክፍሉ ፔዝሊ ነው፤ በ1977፣ በ1978ና በ1981 የአውሮፓን ዋንጫ አነሣ። ፌገን ደግሞ በ1984 ደገመው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ አባቶቻችን።

ወደ አገራችን እንምጣ። ብሔራዊ ቡድናችን በ1962 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ወስዶ ነበር። ከ1982 ወዲህ ግን ወደዚያ መድረክ የተመለሰው ከ31 ዓመት በኋላ በ2013 ነው። በመካከሉ አሠልጣኝ መጣ፣ አሠልጣኝ ሄደ። የተሰናባቹ ደብተር ለተተኪው ደርሶ ይሆን? እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

«ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። በቋንቋችን ቡድን የሚመራውም እኛን የሚያስተምረውም «አሠልጣኝ» ነው የሚባለው። ነገ ተመድበን ስንሄድ የሚጠብቀን ክፍል ደካማ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ «ከእኔ በፊት የነበረው መምህር ምንም አልሠራም» ማለት ይቀናናል። ደግሞም ከሻንክሊ የምንለይበት ነገር አለ። እኛ 24 ተማሪ ማሰናበት አንችልም፤ ጎበዝ ተማሪም ገዝተን አናመጣም። በእጃችን ያለው ደብተሩ፣ ድግግሞሹና ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ጄሪ በርን ነው። እሱን «አይረባም» ብለን ከተውነው ሌላ የሚያነሣው የለም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ለማስተማር ልምምድ ወደየትምህርት ቤቱ ስንወጣ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ደብተር ይከፈት። ምን እንደተማረ፣ ማን የት ላይ እንደሚቸገር፣ ምን ተሞክሮ ምን እንዳልሠራ ይጻፍበት፤ ተከታዩ ሠልጣኝም ከዚያ ይጀምር። ወጪው የአንድ ደብተር ዋጋ ነው። መምህሮቻችን ቢያስቡበት መልካም ነው እላለሁ። አይሆንም የሚል ካለም ምክንያቱን ጽፎ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍልንና እንከራከር።