የካሶኒው እንጨት አልጠፋም፣ እየጠፋ ያለው ልኩ ነው

ሰሞኑን ከመካከላችሁ አንዱ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ የአባቴን ኤንትሬ ላድስ ፈልጌ የካሶኒው እንጨት የትም አልተገኘም። በላሜራ ልቀይረው እንዴ?» አለኝ። መልሴ ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ እዚህ ጻፍኩት።

ለአዳማ ልጅ ፊያት 682 ኤን 3 ተራ መኪና አይደለም። ወደ አሰብ የሚወርደው ስንቱ በከተማችን አልፏል! ከሱ በፊት ደግሞ ፊያት 634 ነበር፣ አባቶቻችን «ትሬንታ ኳትሮ» የሚሉት። የሞተርና የካምቢዮ ዕቃ ከአሮጌ እየተፈታ ይገኛል። ካሶኒና ስፖንዳ ግን እዚሁ አናጺ ለክቶ የሚሠራው ነው። ስለዚህ ሱቅ ለሱቅ መዞሩን ተወውና አናጺ ፈልግ።

ላሜራውንስ? በየቀኑ ድንጋይና አሸዋ ለሚጭን መኪና አልቃወምም። ለእድሳት ግን አይሆንም። እንጨት ሻንሲው ሲወዛወዝ አብሮ ይለመጣል። አንድ ጣውላ ቢሰበር ደግሞ እሱ ብቻ ይቀየራል።

እንጨቱን ከጫካ አትፈልጉ። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ጥድ የተመናመኑ ዛፎች ናቸው፤ ለአንድ መኪና ብሎ ማስቆረጥ ነውር ነው። አሮጌ ቤት ሲፈርስ የሚወጣውን ወራጅና ጣውላ ግዙ። ዓመታት የደረቀ ስለሆነ በቀላሉ አይጣመምም። ባሕር ዛፍም ይሆናል፣ ግን በደንብ ይድረቅ። እርጥቡን ከመታችሁት የኛ ፀሐይ ያጣምመዋል።

ትልቁ ነገር ይሄ ነው፦ የበሰበሰውን ካሶኒ ሳትለኩ አትጣሉት! አንድ ጋራዥ ውስጥ ጣውላው ለማገዶ፣ ማጠፊያው በኪሎ ሲሸጥ አይቻለሁ። ያኔ የጠፋው እንጨት ብቻ አይደለም፤ ውፍረቱ፣ የብሎን ቀዳዳው ርቀት፣ የማዕዘን ብረቱ ቦታ አብሮ ሄደ። አዲስ አናጺ ከዚያ በኋላ በምን ይሥራ? በግምት!

ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ እንጨት ሥራ የምታስተምሩ ልጆቼ፣ ይሄ የእናንተ ሥራ ነው። ተማሪ ይዛችሁ አንድ አሮጌ ካሶኒ ለኩ፣ ሳሉ፣ ፎቶ አንሱ። ሽማግሌ አናጺዎቹንም በሕይወት እያሉ ጠይቋቸው። የሙዚየም ሥራ ብቻ አይምሰላችሁ፣ እንጀራም አለው።

አዳማ፣ ሞጆ፣ መቂ፣ ዝዋይ ካሶኒ የሠራ አናጺ የምታውቁ ሰፈሩን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ያ ልጅ እየጠበቀ ነው።