ሰርተፍኬቱ አለ፤ ታዲያ ኢንተርቪው ላይ የሚጥለን ምንድን ነው?

ባለፈው ሰሞን አንድ ጓደኛችን ለ«ዳታ አናሊስት» ሥራ ኢንተርቪው ተጠራ። ድርጅቱ ምግብ በሞተር የሚያደርስ ነው። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ኤስኪውኤል ሲከልስና የፓወር ቢአይ ቪዲዮ ሲያይ አደረ። ጠያቂዋ ግን ላፕቶፕ እንኳ አልከፈተችም። «በዚህ ሳምንት ትዕዛዝ ካለፈው ሳምንት በ20 በመቶ ቀንሷል። ምን ታደርጋለህ?» አለችው።

«ዳሽቦርድ እሠራለሁ።»

«እሺ፣ ዳሽቦርዱም በ20 በመቶ ቀንሷል ይልሃል። ከዚያስ?»

ዝም አለ። በቃ፣ እዚያው ላይ አለቀ።

ይህን ያነሳነው ልጁን ለመውቀስ አይደለም። እኛም ብንጠየቅ ያንኑ ነበር የምንመልሰው። ግን ነገሩ የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ ዛሬ ሰፋ አድርገን እንየው።

ለምን አሁን?

ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ሳፋሪኮም በ2015 መጀመሪያ ገበያ ገባ፣ ኤምፔሳ ደግሞ ነሐሴ 2015 ተከተለ። ታኅሣሥ 2017 ላይ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው አዋጅ ጸደቀ። ባንኩም፣ ታክሲውም፣ ምግቡም ስልካችን ውስጥ ገብቷል። ስልክ ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ ደግሞ ቁጥር ይተዋል፤ ያንን ቁጥር የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል።

በሌላ በኩል ሐምሌ 2016 ላይ የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ፕሮግራም ተጀመረ። ዳታ ሳይንስ ከኮርሶቹ አንዱ ነው፤ በነፃ ነው፤ ዲግሪ አይጠይቅም። ከእኛም መካከል ዲግሪ የሌለን ስላለን ይህ በር መከፈቱ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ችግሩ ሰርተፍኬት የያዘው ሰው ሲበዛ ሰርተፍኬቱ ብቻውን አይለይም። ስለዚህ ጠያቂዎች ወደ ሌላ ጥያቄ ሄዱ፦ መሣሪያውን ታውቃለህ ወይ ሳይሆን፣ ቁጥሩ ምን እንደሚል ይገባሃል ወይ?

አንደኛው ጥያቄ፦ ምን እየቆጠርን ነው?

«ከ50 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ» የሚል ዜና ስናይ ብዙዎቻችን እናልፈዋለን። ኢንተርቪው ላይ ግን ማለፍ የለም። ተጠቃሚ ማለት ማን ነው? አንዴ የተመዘገበ? በዚህ ወር ገንዘብ ያንቀሳቀሰ? ሳፋሪኮም በሪፖርቶቹ ደንበኛን የሚገልጸው ባለፉት 90 ቀናት በተጠቀመ ሰው ነው። ተመዝግቦ ከረሳው ሰው ጋር አንድ አይደለም።

ትልልቆቹም ቢሆኑ ትርጉሙን ሲቀይሩ ቁጥሩ ይቀየራል። ኔትፍሊክስ ድሮ አንድ ፊልም «ታየ» የሚለው ተመልካቹ 70 በመቶውን ሲያይ ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ 2 ደቂቃ ካየ በቂ ነው አለ። በራሱ አነጋገር አዲሱ ቁጥር በአማካይ ከድሮው 35 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። ፊልሙ ያው ነው፤ ሰዉም ያው ነው።

ፌስቡክ ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. የቪዲዮ አማካይ የእይታ ጊዜን አጋንኖ ሲያሳይ እንደነበር አመነ። ስህተቱ ቀላል ነበር፦ ከ3 ሰከንድ በታች አይቶ ያለፈውን ሰው ከአካፋዩ አወጣው። ቶሎ የሸሸው ሰው ካልተቆጠረ የቀረው ሁሉ ታማኝ ተመልካች ይመስላል። ስለዚህ ማንኛውም በመቶኛ ወይም አማካይ ሲሰጣችሁ መጀመሪያ «ለስንት ተካፍሎ?» በሉ።

አማካይም ራሱ ያታልላል። ለምሳሌ 9 ሰዎች 100 ብር፣ አንድ ነጋዴ 10,000 ብር ላከ እንበል። አማካዩ 1,090 ብር ይሆናል። ግን 1,090 ብር የላከ ሰው አንድም የለም። መካከለኛው 100 ብር ነው። «የተለመደው ደንበኛችን ምን ያህል ይልካል?» ተብሎ 1,090 የሚል ሰው ድርጅቱን ገደል ይከተዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ለምን ቀነሰ?

ወደ ጓደኛችን ጥያቄ እንመለስ። ትዕዛዝ በ20 በመቶ ቀነሰ። ጥሩ መልስ እንዲህ ይሄዳል።

መጀመሪያ፣ እውነት ቀንሷል ወይስ አመዘጋገቡ ነው የተበላሸው? አዲስ የአፑ ቅጂ ወጥቶ ይሆን? ክፍያው ተቋርጦ ይሆን?

ቀጥሎ፣ ቁጥሩን መከፋፈል። ሁሉም ሰፈር ነው የቀነሰው ወይስ ቦሌ ብቻ? አዲስ ደንበኛ ነው ወይስ የቆየው? አንድሮይድ ነው ወይስ አይፎን? አፑን የከፈተው ሰው ቁጥር ያው ሆኖ ትዕዛዙ ብቻ ከቀነሰ ችግሩ ከመክፈትና ከማዘዝ መካከል አለ። የከፈተውም ከቀነሰ ሰዉ ገና ከመጀመሪያው አልመጣም ማለት ነው። ሁለቱ ፍጹም የተለያዩ በሽታዎች ናቸው።

ከዚያ፣ ከአፑ ውጪ ምን ሆነ? እዚህ ላይ የውጭ ቪዲዮ የማይነግረን እኛ ግን በደንብ የምናውቀው ነገር አለ። ያ ሳምንት የዐቢይ ጾም መግቢያ ቢሆንስ? በርገርና ፒዛ ይወርዳል፣ የጾም ምግብ ይወጣል። ይህን ከአምናው ተመሳሳይ የጾም ሳምንት ጋር እንጂ ከቅበላው ሳምንት ጋር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው። ጾሙ ደግሞ በየዓመቱ ቀኑ ይቀያየራል፤ ረመዳንም እንደዚያው። መብራት ጠፍቶ፣ ኔትወርክ ተቋርጦ፣ ነዳጅ ጠፍቶ ሞተረኞቹ ሰልፍ ላይ ውለውም ሊሆን ይችላል።

ጠያቂዋ ትክክለኛውን ምክንያት እንድትገምቱላት አይደለም የፈለገችው። በምን ቅደም ተከተል እንደምትፈልጉት ማየት ነው።

የሀገራችን ዳታ የራሱ ወጥመድ አለው

እነዚህን የሚያነሳ ተወዳዳሪ ወዲያው ይለያል።

የስልክ ቁጥር፦ አንዱ ቦታ በ09፣ ሌላው ቦታ በ+251 ይጻፋል። ካልተስተካከለ አንድ ሰው ሁለት ይሆናል። ሁለት ሲም የያዘም እንዲሁ።

ስም፦ አንድ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አምስት ዓይነት ይሆናል። በስም ሰንጠረዥ ማገናኘት አይታሰብም።

ሰዓት፦ ብዙ ሰርቨሮች ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ በሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው የሚመዘግቡት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የታዘዘ ምግብ በትናንቱ ቀን ሊቆጠር ይችላል።

ወር፦ የእኛ ወር 30 ቀን ነው፤ ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ናት። ጳጉሜንን እንደ አንድ ሙሉ ወር ግራፍ ላይ ያስቀመጠ ሰው ድርጅቱ የከሰረ ይመስለዋል።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ቁጥሩ ቢያድግስ ማን ይጎዳል?

ይህን ብዙ ሰው አይዘጋጅበትም። አሜሪካ ውስጥ ዌልስ ፋርጎ የሚባለው ባንክ ሠራተኞቹን ለእያንዳንዱ ደንበኛ ብዙ አካውንት ክፈቱ እያለ ይገፋ ነበር። ሠራተኞቹም ደንበኛው ሳያውቅ በስሙ ከፈቱ። በ2016 እ.ኤ.አ. ጉዳዩ ሲወጣ ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ ከሥራ የተባረሩት ደግሞ 5,300 ገደማ ሠራተኞች ነበሩ። በወረቀት ላይ ግን ቁጥሩ በጣም ያምር ነበር።

«በቀን ይህን ያህል ሰው አስመዝግቡ» ተብለው ሰፈር ለሰፈር የሚዞሩ ልጆች ይህን ያውቁታል። የዘመድ ስልክ ሁሉ ይመዘገባል፤ በሳምንቱ የሚጠቀም የለም። ስለዚህ «የአዲስ ተመዝጋቢ ቁጥርን እንዴት እናሳድግ?» ስትባሉ አብራችሁ መጠበቂያ ቁጥር አንሱ፦ ከተመዘገቡት ውስጥ ከ30 ቀን በኋላ ተመልሶ የመጣው ስንት ነው? ሪቴንሽን የሚሉት ይህን ነው።

ቀጣሪዎችም ይሰማሉ ብለን

«ለጀማሪ የሚሆን ሥራ፣ 3 ዓመት ልምድ» የሚለውን ማስታወቂያ እስካሁን እያየን ነው። ለፈተና ብለው የሳምንት ሥራ በነፃ የሚያሠሩም አሉ። ጥቂት ሰዓት የሚወስድ ፈተና ተገቢ ነው። የድርጅቱን እውነተኛ ሪፖርት ሠርታችሁ አምጡ ማለት ግን ፈተና አይደለም። የእውነተኛ ደንበኞች ስምና ስልክ ያለበት ፋይል ከላኩላችሁ ደግሞ ቆም በሉ። ኢትዮጵያ ከ2016 ጀምሮ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አላት፤ ቁጥሩ 1321 ነው። «ስሙና ስልኩ የወጣለት ፋይል ይላክልኝ» ብሎ መጠየቅ በራሱ ጥሩ ባለሙያ መሆናችሁን ያሳያል።

በአንድ ሳምንት ምን ይሠራል?

በየቀኑ የምትጠቀሙበትን አንድ አፕ ምረጡ። ከመክፈት እስከ መክፈል ያለውን መንገድ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ሰው የት የት ላይ ይወድቃል? ለአፑ አንድ ዋና ቁጥርና አንድ መጠበቂያ ቁጥር ምረጡ፣ ለምን እንደመረጣችሁም በሁለት አረፍተ ነገር አስረዱ። ከዚያ ለጓደኛ «ቁጥሩ ቀነሰ» በሉትና እየተቀያየራችሁ ድምፅ አውጥታችሁ መልሱ። ኤስኪውኤል ላይ ማገናኘትና መመደብን በደንብ ያዙ፤ በተለይ ሁለት ሰንጠረዥ ሲገናኝ አንድ ደንበኛ ለምን ሦስት ጊዜ እንደሚመጣ። ለዚህ ሁሉ ስልክና ደብተር ይበቃል።

በመጨረሻ አንድ መለማመጃ እንተውላችሁ። ስለ ኮደርስ ፕሮግራሙ ዜና ሲወጣ ስንት ሰው እንደተመዘገበና ስንት ሰው ሰርተፍኬት እንደወሰደ ይነገረናል። እሺ፣ ጥሩ። ግን እናንተ ጠያቂዋ ብትሆኑ ቀጥላችሁ የምትጠይቁት ቁጥር የቱ ነው?

እኛ የምንጠይቀው ስንቱ ሥራ አገኘ የሚለውን ነው። ጓደኛችን ሰርተፍኬት ከወሰዱት ውስጥ አንድ ተብሎ ተቆጥሯል። በሦስተኛው ቁጥር ውስጥ ግን ገና የለም። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ኢንተርቪው አለው፤ አሁን በየማታው እየጠየቅነው ነው።