26 ቀን አንድ ወር ነው

ማክሰኞ ዕለት አንዲት እህት ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ይዛ መጣች። ካርቱም አራት ዓመት ተመላላሽ ሆና ስትሠራ የዋለችባቸውን ቀናት አንድ በአንድ ምልክት ያደረገችበት ነው። ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ዓመት ፈቃድ የጻፍኩትን አንብባ፣ «ጋሼ፣ የእኔስ ይሰላል?» ልትለኝ ነው የመጣችው። በዚያው ጽሑፍ የተቆጡ አንድ አንባቢም ደውለው፣ «ሲጠሯት የምትመጣ ሠራተኛ ምን ፈቃድ አላት? ያልመጣችበት ቀን ሁሉ ዕረፍቷ አይደል?» ብለውኛል። ይህን ክርክር ስሰማ ዓመታት አለፉ፤ ዛሬም ደሜን ያፈላዋል። ያልመጣችበት ቀን ዕረፍት አይደለም። ወይ ሌላ ቤት ስትሠራ ትውልበታለች፣ ወይ ያለ ገቢ ተቀምጣ ታሳልፈዋለች።

ይህች እህት ሥራ የጀመረችው ሚያዝያ 2011፣ የሱዳኑ መሪ አል በሽር ከሥልጣን በወረዱበት ወር ነው። ቤቷ ዴም ሰፈር ነበር። ቅዳሜ፣ ሰኞና ረቡዕ ሪያድ ሰፈር፣ እሑድ፣ ማክሰኞና ሐሙስ አማራት ትሠራለች፤ የራሷ ቀን ዓርብ ብቻ። ክፍያዋ የውሚያ ነው፤ የዋለችበት ይታሰባል፣ ያልዋለችበት አይታሰብም። በረመዳን ሥራው ከሰዓት በኋላ ይጀመርና ኢፍጣር ተበልቶ ዕቃው ታጥቦ እስኪያልቅ እኩለ ሌሊት ይሆናል። ዒድ ሲደርስ ቤተሰቡ ወደ ዘመድ አገር ይሄዳል፣ እሷም «እስክንደውልልሽ አትምጪ» ትባላለች። እነሱ በዓል ሲያከብሩ እሷ ጦሟን ታድራለች። ኢጃዛ፣ ፈቃድ ማለት ነው፣ ስትጠይቅ ሁለቱም ቤቶች ያሏት አንድ ነው፤ «አንቺ የኛ ግማሽ ሠራተኛ ነሽ፣ ያኛው ቤት ይስጥሽ።» በሳምንት ስድስት ቀን የምትለፋ ሰው በዚህ ዓይነት የማንም ሠራተኛ ሳትሆን ቀረች።

ሕጉም አልያዛትም። እ.ኤ.አ. የ1997ቱ የሱዳን የሥራ ሕግ አንድ ዓመት ለሠራ 20 ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ የቤት ሠራተኞችን ግን ከ1955 ጀምሮ ለነበረው ለሌላ ሕግ ትቷቸዋል። የእኛም አዋጅ 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎትን፣ የቤት ሠራተኝነትን ማለት ነው፣ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ነው ያስተላለፈው። ታዲያ ሕጉ ባይደርስላት መለኪያው ይደርስላታል። የአዋጁ አንቀጽ 77 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ፈቃድ ይሰጣል፤ የተሠራበት 26 ቀንም እንደ አንድ ወር አገልግሎት ይቆጠራል ይላል። አሥራ ሁለቱ ወር 312 ቀን ነው። ለ16 ስናካፍለው በየ19 ቀን ተኩል ሥራ አንድ የዕረፍት ቀን ይወጣል። እንግሊዞችም እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ሰዓቱ ወጥ ላልሆነ ሠራተኛ ከሠራው ሰዓት 12.07 በመቶውን ለዕረፍት ያስቡለታል። አይሰላም የሚለኝ ሰው ማስላት ስላልፈለገ ነው።

ከእህቴ ጋር ቁጭ ብለን ቆጠርን። የኮሮናዎቹ ባዶ ገጾች ታለፉ። የሪያዱ ቤት 546 ምልክት፣ 28 ቀን። የአማራቱ ቤት 507፣ 26 ቀን። በድምሩ 54 ቀን። በአገልግሎት ዘመን የሚጨመረውን እንኳ አላስገባሁም።

ይህ ዕዳ በገንዘብ ይተመን ቢባል ደግሞ በየትኛው ጊኒ? የካቲት 2013 ላይ የሱዳን ጊኒ በአንድ ቀን ከ55 ወደ 375 በዶላር ወርዷል። በ2011 ያላረፈችበት ቀን ክፍያ በ2015 የሻይ ዋጋ አይሆንም። ዕረፍት በጊዜው ይሰጥ የምለው ለዚህ ነው፤ ወገብ የሚያርፈው በዚያው ዓመት እንጂ ከአራት ዓመት በኋላ በሚሰጥ ብር አይደለም።

የደብተሩ የመጨረሻ ምልክት ሚያዝያ 5 ቀን 2015 ላይ ነው፤ ጸሎተ ሐሙስ። ለፋሲካ ብላ ቅዳሜንና እሑድን አስፈቅዳ ነበር። ሁለቱም ቤቶች ፈቀዱላት፣ የሁለቱን ቀን የውሚያ ግን እንደማይከፍሉ ነገሯት። ቅዳሜ ማለዳ፣ በቅዳም ሥዑር፣ የሱዳን ጦርና ፈጥኖ ደራሹ ኃይል ካርቱም ውስጥ ተታኮሱ። አማራት የአውሮፕላን ማረፊያው ጎረቤት ነው፣ ዴም ደግሞ የአማራት። ዶሮዋ ሳትታረድ፣ የትንሣኤን ሌሊት ከጎረቤቶቿ ጋር ወለል ላይ ተኝታ አነጋች። ከዚያ ገዳሪፍ፣ ገላባት፣ መተማ። ደብተሩን በነጠላ ጠቅልላ ነው ያመጣችው።

ድምሩን ጽፌ ስሰጣት ትንሽ አየችውና፣ «ጋሼ፣ ከዚህ ላይ ሁለት ቀን ይቀነስ፤ ቅዳሜና እሑድን እኮ አርፌያለሁ» አለችኝ።

እንቢ አልኳት። 54 ብዬ ከሥሩ አሰመርኩበት።