ማሽኑ ጮኸ፤ ወርቁ ግን የማን ነው?



ውድ ወንድምና እህቶች! አንድ ዓይነት ቪዲዮ በስልካችሁ ላይ ሳይመላለስ አልቀረም። ሰውዬው ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ፣ ረጅም ዘንግ ያለው ዲቴክተር ይዞ የባህር ዳርቻ አሸዋ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። ማሽኑ ይጮኻል። ይቆፍርና የወርቅ ቀለበት ያወጣል። ከስር ወጣቶቻችን «ማሻአላህ! ሪዝቁን አገኘ» ብለው ይጽፋሉ።

እኛ መነጋገር የፈለግነው በዚህችው «ሪዝቁን አገኘ» በምትለዋ ቃል ላይ ነው።

ነገሩን ያስነሳን አንድ ወንድም ነው። ኑሮው እንግሊዝ አገር ነው። ቤተሰብ ሊጠይቅ መጥቶ ከዐስር ሶላት በኋላ አጠገባችን ተቀመጠና ከኪሱ ቀለበት አወጣ። «ኡስታዝ፣ የባህር ዳርቻ ላይ በዲቴክተር ያገኘሁት ነው። ማንም አላየኝም። ሸጬ የእናቴን ቤት ጣሪያ ላስቀይርበት?» አለን። ቀለበቱን አገላብጠን ስናየው ውስጡ ላይ ሁለት ስምና አንድ ቀን ተቀርጾበታል። የሰው የጋብቻ ቀለበት ነው!

ዲቴክተር በራሱ ሐራም ነው አላልንም። መሣሪያ ነው። ጥያቄው የሚመጣው ከጮኸ በኋላ ነው።

የፊቅህ ኪታቦቻችን ሰው የሚያገኘውን ነገር በየዓይነቱ ይለዩታል። ባለቤት ኖሮት የጠፋ ንብረት ሉቀጣ ይባላል። ከእስልምና በፊት ከነበረ ዘመን የተቀበረ ሀብት ደግሞ ሪካዝ ነው፤ አንድ አምስተኛው ይወጣለታል። የባህር ዳርቻ ላይ የሚገኘው ቀለበት፣ የአንገት ሐብልና ሰዓት አብዛኛው ሉቀጣ ነው። ሰው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ጣቱ ይኮማተራል፤ ቀለበቱ ሾልኮ ይወድቃል፤ ማዕበሉ አሸዋ ያለብሰዋል። ባለቤቱ አልጣለውም፣ አልሰጠውም። ጠፋበት እንጂ!

«ባህር የወሰደው ባለቤት የለውም» የሚሉ አሉ። ከባህር የሚወጣ ሉል የማንም ስላልነበረ ያገኘው ይወስደዋል። ከሰመጠ መርከብ ስለሚወጣ ንብረትም ዑለማዎች የተለያየ ሐሳብ አላቸው። ከጣት ሾልኮ የወደቀ ቀለበት ግን ከዚህ ጋር አይገናኝም። ባለቤቱ ቤቱ ገብቶ እያዘነ ይሆናል።

የሉቀጣ ሕግ ምንድን ነው? ቡኻሪና ሙስሊም ከዘይድ ኢብን ኻሊድ አል-ጁሀኒይ በዘገቡት ሐዲስ፣ ረሱል (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) ስለ ወደቀ ንብረት ተጠይቀው መያዣውንና ማሰሪያውን በደንብ እንዲያውቅ፣ ከዚያም አንድ ዓመት እንዲያስታውቅ አዘዋል። መያዣውንና ማሰሪያውን ማወቅ ለምን? አንደኛው ጥበቡ፣ «የእኔ ነው» ብሎ የመጣ ሰው ምልክቱን እንዲናገር ነው። ስለዚህ ወንድሜ፣ ያገኘኸውን ሁሉ ከነምልክቱ ፎቶ አንስተህ ፌስቡክ ላይ አትለጥፍ። «በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ ቀለበት ተገኝቷል» በል። የተቀረጸውን ስም ደብቅ። እውነተኛው ባለቤት እሱ ይንገርህ።

የት ይታወጅ? ሰው በሚሰበሰብበት ቦታ፣ በገበያ፣ በመስጂድ በር ላይ። በር ላይ አልን እንጂ ውስጥ አላልንም። መስጂድ ውስጥ የጠፋ ነገር ማፈላለግ በሐዲስ ተከልክሏል። ማይክ ለምነው የምንከለክላቸው ወንድሞች የሚቀየሙን በዚህ ነው።

ዓመቱ ካለፈስ? በሻፊዒይ መዝሀብ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ባለቤቱ ከመጣ ግን ይመልሳል ወይም ዋጋውን ይከፍላል። በሐነፊይ መዝሀብ ደግሞ ሀብታም ከሆነ በባለቤቱ ስም ሰደቃ ይሰጠዋል። የቆርኪና የትንሽ ሳንቲም ጉዳይ ቀላል ነው፤ ሰው ፈልጎ የማይመለስበት ጥቃቅን ነገር ዓመት ሙሉ አይታወጅም።

ቀጥሎ የአገር ሕግ አለ። ውጭ ያላችሁ ወንድሞች ቪዛ ስትቀበሉ ቃል ገብታችኋል፤ ሙስሊም ደግሞ ቃሉን ይጠብቃል። በእንግሊዝ በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት ጥንታዊ ሀብት ያገኘ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ከመርከብ ስብርባሪ የተገኘ ንብረት ደግሞ በ28 ቀን ውስጥ ለሚመለከተው ሹም ይነገራል። በአሜሪካ በብሔራዊ ፓርኮች አስተዳደር ሥር ባሉ የባህር ዳርቻዎች በዲቴክተር መፈለግ ክልክል ነው። ሌሎቹ ዳርቻዎች እንደየከተማው ይለያያሉ። ስለዚህ ከመቆፈርህ በፊት ጠይቅ።

አገር ቤትም ያው ነው። ባህር ባይኖረን ላንጋኖና ሐዋሳ አሉን፤ ከሐይቁ ዳር አልፎ የድሮ ፍርስራሽ ላይ መቆፈር የሚያምረውም አይጠፋም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ጥንታዊ ቅርስ ያገኘ ሰው ማሳወቅ አለበት፤ ያለ ፈቃድ ቅርስ መቆፈርም ክልክል ነው። ይህ ለእኛ የመንግሥት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ድሬዳዋ አጠገብ ያለችውን ሐርላን አስቡ። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተደረገ ቁፋሮ የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መስጂድ፣ ከግብፅ፣ ከህንድና ከቻይና የመጡ ዕቃዎች ተገኝተውባታል። አንድ ሳንቲም በቦታው ተገኝቶ ሲጠና፣ አባቶቻችን ከማን ጋር ይነግዱ እንደነበር ይመሰክራል። ማታ ተቆፍሮ ከተሸጠ ግን ምስክሩ አፉ ተዘጋ ማለት ነው። ቀብር መቆፈርማ፣ አላህ ይጠብቀን፣ ሙታንን መድፈር ነው።

በመጨረሻ አደቡን እናንሳ። የቆፈርከውን ጉድጓድ ድፈን፤ ከመንገድ ላይ አስቸጋሪ ነገር ማንሳት የኢማን ክፍል ሆኖ ሳለ አንተ አስቸጋሪ አትፍጠር። የሚሮጥ ሕፃን እግሩ ይሰበራል። ያወጣኸውን ቆርቆሮና ምስማር መልሰህ አትጣል፤ ሰብስበህ ውሰድ። ቤተሰብ የተቀመጠበት፣ ሴቶች የሚዋኙበት አጠገብ አትዙር፤ ዓይንህን ስበር። ጥይት ወይም ቦምብ የሚመስል ብረት ካየህ አትንካ፣ ራቅ ብለህ ለፖሊስ ደውል። ማዳመጫው ደግሞ አዛን እንዳያሳልፍህ። የማሽኑን ድምፅ ሰምቶ ለመቆፈር የሚጎነበስ ሰው፣ ሙአዚኑን ሰምቶ ለሩኩዕ ካልጎነበሰ ምን አተረፈ?

ያ ወንድም ቀለበቱን ይዞ ተመለሰ። ዳርቻው ያለበት ከተማ ለፖሊስ አስመዘገበ፣ በአካባቢው ሰዎች ገጽም ስሙን ደብቆ አስታወቀ። እስካሁን ባለቤቱ አልመጣም። ዓመቱም አልሞላም። የእናቱ ቤት ጣሪያም አልተቀየረም፤ ከደሞዙ እያጠራቀመ ነው። እኛ ግን ሪዝቁን ያገኘው ያን ቀን ነው እንላለን። ማንም ሳያየው አላህ እንደሚያየው አውቆ እጁን ሰብስቧልና።

ወጣቶች ሆይ! ማሽኑ ሲጮኽ «ስንት ግራም ነው?» ከማለታችሁ በፊት «የማን ነው?» በሉ።

አላህ በሐላሉ ያብቃቃን፣ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።